የሕዝብን ልሳን ማን ይጠብቀው?
በማኅበረሰብ ብሮድካስት ላይ ስላለው የመንግሥት ቁጥጥር፣ ከአዋሽ ሸለቆ አንጻር የተደረገ ዳሰሳ

መንግሥት የሕዝቡን ደኅንነት ይጠብቅ ዘንድ የተሾመ እንደ መሆኑ መጠን፣ በአየር ላይ የሚነዛውን ቃል ሁሉ አይቶ እንዳላየ ሊያልፈው አይችልም፤ ሕዝብም በበኩሉ፣ ስለ ግጦሹና ስለ ውሃው፣ ስለ ልጆቹ ትምህርትና ስለ ሹማምንቱ አስተዳደር የሚነጋገርበት ልሳን በእነዚያው ሹማምንት ፈቃድ ብቻ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ፣ ያን ልሳን የእኔ ነው ብሎ ሊመካበት አይችልም። በእነዚህ በሁለቱ እውነቶች መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው። ሆኖም ሕዝብና መንግሥት አብረው እስከ ኖሩ ድረስ ሳይሄዱበት የሚቀር አይደለምና፣ ሌሎች አገሮች እንዴት እንደ ሄዱበት፣ የእኛም ሕግጋት እስከ የት እንዳደረሱን፣ በተለይም ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራና እስከ አሳይታ በተዘረጋው በአፋር ምድር ነገሩ ምን መልክ እንዳለው መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የአፋር ምድር ለዚህ ምርመራ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አገር እውነተኛ ወሬ በጊዜው ማግኘት የነፍስ ጉዳይ ነው፤ አዋሽ በደጋ በዘነበ ዝናብ በቆላ የሚሞላ ወንዝ ስለሆነ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ የአሚባራ፣ የዱብቲና የአሳይታ መንደሮች በውሃ ሊከበቡ ይችላሉ፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙውን ሰው ከቀዬው ያፈናቀለው በዚሁ ዐይነት ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ በዶፋን ተራራ አጠገብ እንፋሎት ከመሬት እየተምዘገዘገ ሲወጣ፣ ቤተሰብ ሁሉ በየሌሊቱ ይጠይቅ የነበረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ እንውጣ ወይስ እንቆይ? የከሰም ግድብስ መንቀጥቀጡን ይችለዋል? እንዲህ ባለው ሰዓት ሐሰተኛ ቃል የሚያደርሰው ጥፋት ታላቅ ነው፤ የእውነተኛው ቃል መታፈንም ከዚያ የማያንስ ጥፋት ያደርሳል።

የነገሩ መነሻ በሌላው ዓለም

ለሕዝብ ክፍት የሆነ የቴሌቪዥን ቻናል የሚባለው ሐሳብ በይበልጥ ሥር የሰደደው በአሜሪካ ነው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የተባለው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ደንብ፣ በ100ዎቹ ታላላቅ የገበያ ክልሎች ውስጥ የሚሠሩ የኬብል ኩባንያዎች አንዱን ቻናል ለሕዝብ፣ አንዱን ለትምህርት፣ አንዱን ለአካባቢው መንግሥት እንዲለቁ አዘዘ፤ ምክንያቱም ኩባንያው ሽቦውን የሚዘረጋው በሕዝብ መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ለሕዝቡም ከዚያው ሽቦ ድርሻ ሊሰጠው ይገባል የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ኮሚሽኑ ይህን ለማዘዝ በሕግ የተሰጠው ሥልጣን የለም ብሎ ደንቡን ሻረው፤ ምክር ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ሕግ፣ ከተሞች ለኬብል ኩባንያ ፈቃድ ሲሰጡ እንዲህ ያለውን ቻናል መጠየቅ እንዲችሉ፣ ከኩባንያውም ገቢ እስከ 5 በመቶ የሚደርስ ክፍያ እንዲቀበሉ ፈቀደላቸው፤ ኩባንያው ደግሞ ሰዎች በቻናሉ በሚናገሩት ላይ የአርታዒነት ሥልጣን እንዳይኖረው ከለከለ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ዋና ነገር የሥልጣን ክፍፍሉን ነው፤ ከተማው በሩን ያስከፍታል፣ ኩባንያው ሽቦውን ይዘረጋል፣ ቃሉ ግን የተናጋሪው ነው። ከአገር ወጥተው በአሜሪካ ከተሞች የሰፈሩ ኢትዮጵያውያንም በዚህ በር ገብተው በገዛ ልሳናቸው ሲናገሩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚያም አገር ተጠናቅቆ አላለቀም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ዳኞች ድምፅ በ4 ላይ በሰጠው ፍርድ፣ በኒው ዮርክ ማንሃተን ያለውን የሕዝብ ቻናል የሚያስተዳድረው የግል ድርጅት የመንግሥት አካል ስላልሆነ፣ መንግሥትን የሚያስረው የንግግር ነጻነት ድንጋጌ እርሱን አያስረውም ብሏል። እንግዲህ ጠባቂው መንግሥት ቢሆን አንድ ሥጋት፣ የግል ድርጅት ቢሆን ሌላ ሥጋት አለ ማለት ነው።

የአገራችን ሕግ ጉዞ

በአገራችን የኬብል ቴሌቪዥን ሥር አልሰደደም፤ ሕዝቡ ከአንቴና በቀጥታ ወደ ዲሽ ተሻገረ። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የዚያ ቻናል አቻ ሆኖ የሚገኘው፣ በሕጋችን የማኅበረሰብ ብሮድካስት የተባለው፣ በተለይም የማኅበረሰብ ሬዲዮ ነው። ወደዚህ ለመድረስ ግን ረጅም ዘመን ወስዷል። በ1920ዎቹ ማብቂያ በአቃቂ የተተከለው የሬዲዮ ጣቢያ፣ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረውም ቴሌቪዥን፣ ሁለቱም የዘውዱ መንግሥት ልሳን ነበሩ። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ከመንግሥት እጅ ውጪ የቆመ ትልቅ ጣቢያ ቢሆንም፣ በ1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ የአብዮቱ ድምፅ ሆነ። የመንግሥቱ ራዲዮ በአፋርኛም ያሰራጭ ስለ ነበር፣ አርብቶ አደሩ የመንግሥትን ቃል በቋንቋው ሰምቷል፤ እርሱ የሚመልሰው ቃል ግን ወደ ጣቢያው የሚገባበት በር አልነበረውም።

በሩ በሕግ ደረጃ መከፈት የጀመረው ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ይህንኑ አጽንቶ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያሉ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚችሉበት አኳኋን እንዲመሩ አዘዘ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 178 የብሮድካስት ኤጀንሲን አቋቋመ። ከዚያ በ1999 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 533 ብሮድካስትን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፍሎ፣ ሦስተኛውን ክፍል ትርፍ ለማግኘት የማይሠራ፣ በአንድ አካባቢ የሚኖር ወይም የጋራ ጥቅም ያለው ማኅበረሰብ በፈቃዱ የሚያቋቁመው፣ ማኅበረሰቡም ከዕቅድ እስከ አፈጻጸም የሚሳተፍበት አገልግሎት አደረገው። በዚህ ሕግ ጥላ ሥር በጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ በከምባታ፣ በኮሬ፣ በዋግ ኽምራና በሌሎችም ቦታዎች የማኅበረሰብ ሬዲዮዎች ተከፈቱ፤ ከዚህ ቀደም በሬዲዮ ተሰምተው የማያውቁ ልሳናትም በአየር ላይ ተሰሙ።

የዚያ ዐዋጅ ጉድለት ተቆጣጣሪውን ባለሥልጣን ለማስታወቂያ ሚኒስቴር ተጠሪ ማድረጉ ነበር፤ የመንግሥትን ቃል የሚያሰማው መሥሪያ ቤት የሌላውንም ቃል እንዲዳኝ ተሾመ ማለት ነውና። የ2013 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 1238 ይህን አርሞ፣ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ አደረገው፤ የቦርዱ አባላት በግልጽ ከሕዝብ በሚቀርብ ጥቆማ እንዲመረጡ፣ የፖለቲካ ፓርቲ አባላትም እንዳይሆኑ ደነገገ፤ ቀድሞ ተከልክለው የነበሩት የሃይማኖት ተቋማትም ፈቃድ እንዲያገኙ ፈቀደ፤ በሙያው የተከሰሰ ጋዜጠኛም በቅድሚያ ሳይታሰር በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ። ብዙዎች ይህን ሕግ በደስታ የተቀበሉት በሚገባ ነበር። ነገር ግን በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ከእነዚህ ዋና ዋና አጥሮች ጥቂቱን አፈረሰ፤ የዋና ዳይሬክተሩን ሹመት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰጠ፣ የሕዝብን ጥቆማና በፓርቲ አባላት ላይ የነበረውን ክልከላ አነሣ፣ ፈቃድ የመንሣቱንም ሥልጣን ከቦርዱ ወስዶ ለባለሥልጣኑ አስረከበ። በአራት ዓመት ውስጥ የተደረገው ይህ መመለስ፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚህ ዘመን የብሮድካስት ታሪካችን ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነው ክፍል ነው።

ቁጥጥሩ የሚጠነክርባቸው ቦታዎች

ቁጥጥር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ሳንሱር ብቻ ነው፤ ነገር ግን የማኅበረሰብ ጣቢያ እጅ የሚያዝባቸው ቦታዎች ከዚያ በላይ ናቸው።

የመጀመሪያው ፈቃዱ ነው። ፈቃድ በየጊዜው የሚታደስ ስለሆነ፣ ጣቢያው ገና ምንም ሳይናገር የዕድሳቱን ቀን እያሰበ ቃሉን ይመጥናል፤ በዚህ ምክንያት ቅድመ ምርመራ በሕግ ቢሻርም በልብ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። የማኅበረሰብ ሬዲዮ በደሀ አካባቢ የሚኖር ተቋም በመሆኑ በማስታወቂያ ገቢ ሊቆም አይችልም፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ዐዋጅ ቁጥር 621 ከ10 በመቶ የሚበልጥ ገንዘብ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ አስተዳደር እንዳይሠሩ ሲከለክል፣ የእነዚህን ጣቢያዎች ደጋፊዎችም አፍ ዘጋ። ያ ዐዋጅ በ2011 ዓ.ም. በቁጥር 1113 ቢሻርም፣ በወረዳው በጀት የሚኖር ጣቢያ ስለ ወረዳው አስተዳዳሪ በድፍረት ይናገራል ብሎ መጠበቅ እስከ ዛሬም አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛው ቋንቋው ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. አፋርኛ ከሌሎች ሦስት ቋንቋዎች ጋር የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆን መወሰኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ አድማጭ በአፋርኛ የተነገረ ቃል አስቀየመኝ ብሎ ቢከስ፣ አዲስ አበባ ያለው መርማሪ የሚዳኘው ቃሉን በትርጉም አንብቦ ከሆነ፣ ስድቡ የቱ፣ ምሳሌው የቱ፣ የጎሣው ወግስ የቱ እንደ ሆነ በምን ይለየዋል? አራተኛውና ከሁሉ የከፋው በሰውየው አካል ላይ የሚደርሰው ነው። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ መመሪያ ኢሳትና ኦኤምኤን የተባሉትን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች መመልከት ራሱ ተከልክሎ ነበር፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በታወጀው ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከተያዙት ጋዜጠኞች ጥቂቶቹ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተወስደው በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ፣ በአዋሽ አርባ የጦር ካምፕ ያለ ክስ ብዙ ወራት ቆይተዋል። ሕግ ያስቀመጠው የማስጠንቀቂያ፣ የመቀጮ፣ የማገድና የመሰረዝ ደረጃ ሁሉ፣ ሰውየው ራሱ ያለ ፍርድ የሚታሰር ከሆነ ትርጉም ያጣል።

በሌላ ወገን ቁጥጥር ጭራሽ ይቅር የሚሉትን ሰዎች ሐሳብም አልቀበልም። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ጎሣን በጎሣ ላይ የሚያነሣሣ ቃል ስንት ነፍስ እንዳስጠፋ የማያውቅ የለም፤ በአፋርና በሶማሌ ወሰን ላይ ለብዙ ዘመን የኖረውም ግጭት አንዲት ያልተጣራች ወሬ ብቻ የምታቀጣጥለው ነው። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185 የተነሣበት ሥጋት እውነተኛ ነው። ክርክሩ የሚነሣው ሥጋቱን የሚመዝነው ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

በአፋር የኖረው የወሬ ሥርዐት

ይህን ክርክር በሰመራ ሲያነሡት፣ ከአዲስ አበባ ይልቅ ጥርት ብሎ የሚታይበት አንድ ታላቅ ምክንያት አለ፤ ይኸውም የአፋር ሕዝብ ከሬዲዮም ከዐዋጅም በፊት የራሱን የወሬ ማሠራጫና የወሬ መቆጣጠሪያ ሥርዐት ማቆሙ ነው። ዳጉ ይባላል።

ከሎግያ ወደ ሚሌ በሚወስደው ሜዳ ሁለት ሰዎች ቢገናኙ፣ አንዱ ግመል እየነዳ፣ ሌላው ወደ ገበያ እየፈጠነ ቢሆን እንኳ፣ ዝም ብለው አይተላለፉም። እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሳሳማሉ፣ ሰላም ይጠያየቃሉ፣ ከዚያም ከግራር ጥላ ሥር ቁጢጥ ብለው ዳጉ ይቀባበላሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ይናገራል፤ የት ዘነበ፣ ሣሩ በየት በኩል በቀለ፣ ውሃው ስንት መንጋ ይችላል፣ ከብት ታመመ ወይ፣ የገበያው ዋጋ እንዴት ዋለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ እንግዳ ሰው በየት አለፈ። በየመካከሉም ‹አንተ ራስህ አይተህ ነው?› ‹ከማን ሰማህ?› ይባላል፤ ተናጋሪው ያየውን አየሁ፣ የሰማውንም ከእገሌ ሰማሁ ብሎ ሊለይ ይገደዳል። ከዚያ ተራው ለሌላው ይሆናል። ሲነሡም ሁለቱም በተራቸው ለሚያገኙት ሰው ያንኑ ያደርሳሉ።

ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያጣው ታማኝነቱን ነው፤ ወሬው ከማን እንደ ተነሣ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ተይዞ ሊፈለግ ይችላልና። ቃሉ ጉዳት ካስከተለም በጎሣው ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ መድአ በተባለው በአፋር ባህላዊ ሕግ ይዳኛል፣ ፊኢማ የሚባለው የእኩዮች ማኅበርም ውሳኔውን ያስፈጽማል። በዚህ ሥርዐት ተናጋሪውን የሚመረምረው አድማጩ ራሱ ነው፤ ምርመራውም የሚደረገው ወሬው ከሚነገርበት ቦታ ሳይርቅ፣ በሚነገርበት ቋንቋ፣ ተናጋሪውን በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው፤ ቅጣቱም የሚመጣው ቃሉ ከተነገረ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አፍ በመያዝ አይደለም።

እርግጥ ዳጉ ያለ ጉድለት አይደለም። በሽማግሌና በወንድ ቃል ላይ ያደላል፤ የሴቶችና የወጣቶች አቤቱታ በውስጡ የሚገባውን ያህል አይሰማም፤ ጎሣው በተከፋፈለ ጊዜም ዳኝነቱ ይከፋፈላል፤ የእጅ ስልክ በመጣበት በዚህ ዘመን ደግሞ ወሬ ከግራር ጥላ ወጥቶ ምንጩ በማይጠየቅበት አየር ላይ ይበርራል። ቢሆንም፣ ለማኅበረሰብ ብሮድካስት ቁጥጥር ምን ዐይነት ሥርዐት ይስማማል ብሎ ለሚጠይቅ፣ በዚህ አገር ተፈትኖ የኖረ መሠረት እነሆ ተሰጥቶናል።

ምን ይደረግ?

የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2002 በባንጁል ያወጣው፣ በ2019ም ያሻሻለው የሐሳብ ነጻነት መግለጫ፣ ብሮድካስትን የሚቆጣጠር አካል ከፖለቲካም ከንግድም ጣልቃ ገብነት የተጠበቀ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የደቡብ አፍሪካም ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለ ነጻ ባለሥልጣን እንዲቋቋም በአንቀጽ 192 ደንግጓል። እኛም በ2013 ዓ.ም. ወደዚህ መስመር ገብተን ነበርና፣ ወደዚያው መመለስ የመጀመሪያው ተግባር ነው፤ የቦርዱ አባላት በሕዝብ ጥቆማ ይመረጡ፣ የፓርቲ ሰውም አይቀመጥበት፣ ፈቃድ የሚሰረዘው ምክንያቱ በጽሑፍ ተገልጾ፣ ጣቢያውም ወደ ፍርድ ቤት ይግባኝ ብሎ እስኪወሰን ድረስ ሥራውን ሳያቋርጥ ይሁን።

ሁለተኛው ተግባር የቁጥጥሩን የመጀመሪያ ደረጃ ወደ አድማጩ ማውረድ ነው። እያንዳንዱ የማኅበረሰብ ጣቢያ የአድማጮች ጉባኤ ይኑረው፤ ጉባኤውም ከጎሣ ሽማግሌዎች፣ ከሃይማኖት አባቶች፣ ከመምህራን፣ ዳጉ የማያደምጣቸውንም ሴቶችና ወጣቶች በግድ ጨምሮ ይቁም። ቅሬታ ያለው ሰው በቅድሚያ በዚያ ጉባኤ ፊት በቋንቋው ይሰማ፤ ጣቢያውም ‹ከማን ሰማህ?› ለሚለው ጥያቄ መዝገቡን አውጥቶ ይመልስ፤ ተሳስቶም እንደ ሆነ፣ እርማቱን በዚያው ሰዓትና በዚያው ፕሮግራም ያሰማ። የፌዴራሉ ባለሥልጣን ጉዳዩን የሚያየው ጉባኤው ሳይችለው ሲቀር፣ ወይም ቃሉ በቀጥታ ወደ ደም መፋሰስ የሚጠራ ሲሆን ብቻ ይሁን። ይህ ባለሥልጣኑን ሥራ አያሳጣውም፤ ሥራውን በሚገባው ነገር ላይ ያውለዋል እንጂ።

ሦስተኛው በዛሬው ሕግም ሊፈጸም የሚችል ነው። በሰመራ የተቀመጠው የአፋር ብዙኃን መገናኛ በሕዝብ ገንዘብ የሚኖር ነውና፣ ከሳምንታዊው ጊዜው የተወሰነ ሰዓት ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ይልቀቅ። በዚያ ሰዓት የአሚባራ ገበሬ ስለ መስኖው፣ የአፍዴራ ጨው አውጪ ስለ ዋጋው፣ የሎግያ ነጋዴ ስለ ቀረጡ፣ ከዱለቻ በመሬት መንቀጥቀጥ የተፈናቀለችው እናት ስለ መጠለያዋ፣ በተራ እየተመዘገቡ ያለ አርታዒ እጅ ይናገሩ፤ ሹሙም ለመልስ ይጠራ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የተለያየ ሐሳብ እንዲያስተናግዱ ያዘዘው ለዚህ ነውና፣ አዲስ ዐዋጅ አያስፈልገውም፤ የክልሉ ምክር ቤት ፈቃድ ይበቃዋል። ለአደጋ ጊዜ ደግሞ ጣቢያው ሁሉ የጎርፍንና የመሬት መንቀጥቀጥን ማስጠንቀቂያ ከነምንጩ፣ በአፋርኛ፣ ሳይዘገይ እንዲያሰማ ግዴታ ይጣልበት፤ ይህ ግዴታ ግን ስለ አደጋው ሕዝቡ የሚጠይቀውን ጥያቄ ለማፈን ሰበብ እንዳይሆን፣ ማስጠንቀቂያውን ተከትሎ የጥያቄ ሰዓት ይኑር።

እነዚህን ሁሉ ለማድረግ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ግን ብዙ ነው፤ ሹም ሲወቀስ ማድመጥ፣ ወቀሳውም ሐሰት ቢሆን በክስ ፈንታ በመልስ መመለስ ከባድ ተጋድሎ ነውና። ነገር ግን በአዋሽ ዳር የሚኖር ሕዝብ በሚቀጥለው ክረምት የወንዙን መሙላት ለጎረቤቱ የሚነግረው፣ በሚቀጥለው ሌሊት መሬቱ ሲናወጥ ቤቱን ጥሎ ለመውጣት የሚወስነው፣ ከሬዲዮው በሚሰማው ቃል ላይ ባለው እምነት ነው፤ ያን እምነት በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊሠራው የሚችል ባለሥልጣን የለም። የሚሠራው ሕዝቡ ራሱ ሲናገርበት፣ ሲጠይቅበትና ሲያርመው ብቻ ስለሆነ፣ መንግሥት የሕዝብን ልሳን በእውነት ሊጠብቅ ከወደደ፣ ጥበቃውን ከሕዝቡ ጋር ይካፈል።